ቆርኬውንም ከብቱንም

የአገራችንን የዱር አራዊት በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው ሦስት እንስሳ ነው። ዋልያ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ቀይ ቀበሮ ሳነቴ ሜዳ ላይ ጆሮውን ቀስሮ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አግጥጦ። በቃ! የቀን መቁጠሪያው፣ የባንክ ቤቱ አጀንዳ፣ የሆቴሉ ግድግዳ፣ የመማሪያ መጽሐፉ ሽፋን ሁሉ እነዚህኑ ሦስቱን እያፈራረቀ ያሳየናል። ሦስቱም የሚያኮሩ ናቸው፤ ማን ይክዳል? ነገር ግን አገሩ ከዚህ ይሰፋል። እኛም ካሜራ አንግተን መዞር የጀመርነው «የቀሩትስ የት ገቡ?» ከሚል ጥያቄ ተነሥተን ነው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ ኪሳችንም አለበት። ሰሜን ተራሮች መውጣት አስጎብኚ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ በቅሎና ድንኳን ይጠይቃል። የኛ ሀብት ከዘመድ የተዋስነው አንድ ካሜራ፣ አንድ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከብየዳ ቤት ያሠራነው ባለሦስት እግር ማቆሚያ ነው። ማቆሚያው ራሱ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል፤ አንዱ ይሸከማል፣ አንዱ ያጉረመርማል።

ሦስት ነን። አንዱ ባዮሎጂ፣ አንዷ ቲያትር፣ አንዱ ጂኦግራፊ። ይህን የምንጽፈው በጋራ ስለሆነ «እኛ» ስንል ለወጉ አይደለም፤ በተጣላንበት ቦታ ብቻ ማን ምን እንዳለ እንለያለን። ሐሳባችን ሃያ ደቂቃ የሚሆን ፊልም ሠርተን፣ በግቢያችን አዳራሽ ለናንተው ለማሳየት ነበር። ፊልሙ እስካሁን አላለቀም። ያላለቀበትን ምክንያት ከታች እንደርስበታለን።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን «እንዲህ ያለውን ቦታ ከየት ታገኙታላችሁ?» እያላችሁ ነው። መልሱ ቅርብ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት። አራት ኪሎ የሳይንሱ ክፍል ውስጥ፣ ማንም የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ፣ በጥቁር ጨርቅ የተጠረዙ የማስተርስ ጽሑፎች ተደርድረዋል። ርእሳቸው ሁሉ አንድ ነው፤ የእገሌ እንስሳ ብዛትና አኗኗር በእገሌ ስፍራ። አሰልቺ ይመስላሉ። ግን ገልጣችሁ እዩት እስቲ! ካርታ አለው። እንስሳው በበጋ የት እንደሚውል፣ በክረምት ወዴት እንደሚሸሽ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሰማራ፣ ስንት ሰዓት ላይ ጥላ እንደሚፈልግ ተጽፏል። አንድ ምስኪን ተማሪ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ በእግሩ ዞሮ የለቀመው ነገር አቧራ ለብሶ ይጠብቃችኋል። ለጎብኚ ተብሎ በሚያብለጨልጭ ወረቀት የሚታተመው መጽሔት ይህን አይነግራችሁም፤ እሱ ሆቴሉን ነው የሚነግራችሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥሎ የጭነት መኪና ሾፌሮች አሉ፤ ሌሊት መንገድ ምን እንደሚያቋርጥ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሾፌሮቹ ቀጥሎ የፓርክ ጥበቃዎች ናቸው። አንዱን ጥበቃ በወግ ካዋራችሁት፣ ከዚያ በፊት የሠራበትን ቦታ ስም ይጠራላችኋል፤ እዚያ ስትሄዱ ደግሞ ሌላው ሌላ ቦታ ይነግራችኋል። እኛ ሰንሰለቱን ይዘን ነው የዞርነው።

ፈቃድ ደግሞ አለ። ፈቃዱን ባናነሣው ደስ ባለን። አንድ መሥሪያ ቤት ከትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ አምጡ አለን፤ አመጣን። ደብዳቤው «ለፎቶ» ይላል፣ እናንተ ግን ቪዲዮም ልታነሡ ነው ተባልን፤ እውነት ነው፣ የቪዲዮና የፎቶ ሒሳብ ለየብቻ ነው። አስለውጠን መጣን። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ፈራሚው ራሳቸው ኮሪደር ላይ አገኙንና «ልጆች፣ ምንድን ነው እሱ ብረት?» አሉን ማቆሚያችንን እያዩ። ታሪኩን ነገርናቸው፤ ሳቁ፤ ፈረሙ። ለማንኛውም ምክራችን፦ ደብዳቤያችሁ ላይ «ለፎቶግራፍና ለቪዲዮ» ብላችሁ አስጽፉ፤ ለትምህርት መሆኑንም አስጠቅሱ።

የመጀመሪያው ጠባችን በአንበሳ የተነሣ ነው። ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው የአንበሳን ድምፅ ያውቀዋል። አንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ከተቋቋመ ወዲህ፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ለፈተና ሲያነብ ያደረ ተማሪ ሁሉ ሌሊት ሲያገሳ ሰምቷል፤ ከኛ በፊት የነበሩት ወንድሞችና እኅቶች ሁሉ ይህን ያወራሉ። እነዚያ አንበሶች ተራ አንበሶች እንዳልነበሩም በኋላ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት የ15ቱን አንበሶች ዘር መርምሮ፣ ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ወንዶቹ ጎፈራቸው ጥቁር ሆኖ እስከ ደረታቸውና ሆዳቸው ድረስ ይወርዳል። ሰው ብስኩት ሲወረውርላቸው የኖሩት እንስሶች በሌላ አገር የማይገኙ ቅርሶች ኖረዋል። እንዴት ያለ ነገር ነው!

እና ለፊልማችን አንበሳ ያስፈልገናል አልን። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ፣ እንስሳ ኮቴ የሚባል የማገገሚያ ማእከል አለ። ቦርን ፍሪ የሚባለው ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። መካነ እንስሳት እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ቤት በሰንሰለት ታስረው፣ በሳጥን ተጭነው፣ ድንበር ላይ ከነጋዴ ተነጥቀው የመጡ እንስሶች የሚያገግሙበት ነው። አንበሳ አለ፣ አቦ ሸማኔ አለ። የአቦ ሸማኔዎቹ ነገር ያሳዝናል፤ በግልገልነታቸው ከእናታቸው ተሰርቀው፣ በሶማሌ በኩል ባሕር ተሻግረው ወደ ዐረብ አገሮች ሀብታሞች ቤት ሊሸጡ ሲሉ የተያዙ ናቸው። ወደ ዱር ሊመለሱ የማይችሉት ዕድሜያቸውን እዚያው ይጨርሳሉ። አስቀድሞ ተነጋግሮ ቀጠሮ መያዝ ነው እንጂ ዝም ብሎ በር ማንኳኳት የለም።

ግቢው ሰፊ ነው፤ አጥሩ ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ይጠፋል። ሌንሱን ወደ ሽቦው አስጠግታችሁ ብሌኑን በሰፊው ከከፈታችሁት ሽቦው ይሟሟል፤ ፎቶው ላይ የሚቀረው አንበሳው፣ ሣሩና የጧት ፀሐይ ብቻ ነው። የዱር አንበሳ ነው ብትሉ የሚከራከራችሁ አይኖርም። የቲያትሯ ልጅ ያን ቀን ያነሣችው ምስል እስከ ዛሬ ካነሣናቸው ሁሉ የሚያምረው ነው። «ፊልሙ በዚህ ይጀምራል» አለች። የባዮሎጂው ልጅ «በዱር አንበሳ ስም?» አላት። «ማን ስም ጠራ? ዝም ብዬ አሳያለሁ።» «ዝም ማለትም መናገር ነው!» ከሆለታ እስከ አዲስ አበባ በሚኒባስ ውስጥ ሰው እስኪታዘበን ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ምስሉ ይገባል፣ ነገር ግን ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲመለስ ሽቦው ይታያል። የጂኦግራፊው ልጅ ማእከሉን ደውሎ ቀጠሮ አስያዘልን፤ ተመልሰን ሄደን ያንኑ ደግመን አነሣን። የሁለተኛው ቀን ብርሃን እንደ መጀመሪያው አያምርም። ይሁን።

አሁን ወደ ሰንቀሌ እንሂድ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን እሱ ነውና።

ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ነው። ከሻሸመኔ ወደ አላባ በሚወስደው መንገድ አጄ ላይ ትወርዱና፣ ከዚያ በሞተር ብስክሌት ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። እኛ የሄድነው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ከ60 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰች፣ ግራር የተበተነባት የሣር ሜዳ ናት። ሜዳዋ የምታበቃበትን ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም፤ ሣሩ አልቆ በቆሎው የሚጀምርበት ቦታ ነው። በዙሪያዋ እርሻ፣ የቆርቆሮ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ደግሞም እርሻ። በባሕር መካከል እንዳለች ደሴት ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ቆርኬን ያላየ ሰው መልኩን ቢጠይቀን «ፈጣሪ ፈረስ ሊሠራ ጀምሮ ሐሳቡን ቀየረ» ብለን እንመልሳለን። ፊቱ ረጅም፣ ትከሻው ከፍ ያለ፣ ኋላው ዝቅ ያለ፣ ቀንዱ ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ላይ የታጠፈ። ከለሩ ቀይ ዳማ ነው፤ ጭኑና ትከሻው ላይ ጥቁር ጥላ አለበት። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ አግድም ስትመታው ቆዳው የጋለ ብረት ይመስላል። አራት ሰዓት ካለፈ ግን ካሜራችሁን ክተቱት፤ ሜዳው በሙቀት ይንቀጠቀጣል፣ በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ የምታነሡት ቆርኬ ውኃ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። ሁለተኛ ምክር፦ ኩይሳ ፈልጉ። ወንዱ ግዛቱን የሚጠብቀው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ነው፤ ኩይሳ ላይ ወጥቶ እንደ ዘብ ሰዓታት ይቆማል። ከነፋሱ በታች ሆናችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ብትከተሉት ይሸሻል፤ ከተቀመጣችሁ ግን ይለምዳችኋል። ሦስተኛ፦ ረጅም ሣር ውስጥ ዘላችሁ አትግቡ፤ እናት ግልገሏን ሣር ውስጥ ሸሽጋ ነው የምትሰማራው።

የዚህ እንስሳ ታሪክ ከኛው ታሪክ ጋር የተገመደ ነው። የፈረንጅ ስሙ የስዋይን ቆርኬ ይባላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሶማሌ ምድር ሲያድን በነበረ ስዋይን በሚባል የእንግሊዝ መኮንን ስም። ያኔ በዚያ ሜዳ በብዙ መንጋ ነበር የሚታየው። ከዚያ ደስታ በሽታ መጣ። ያ በምፅዋ በኩል ገብቶ የአገሩን በሬ ፈጅቶ፣ ሞፈሩን አስቀምጦ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉትን ረሀብ ያመጣው በሽታ ማለታችን ነው። በሬውን የገደለው ቆርኬውንም ገደለው፤ በሽታው የቤትና የዱር አይልም። ከበሽታው የተረፈውን ጠመንጃ፣ ከጠመንጃ የተረፈውን እርሻ ጨረሰው። ከሶማሌ ምድር ጨርሶ ጠፋ። አሁን በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ እሱም በዋናነት በሰንቀሌና ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በማዜ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከሰንቀሌ እየተያዙ በመኪና ወደ ነጭ ሳርና ወደ አዋሽ ተወስደው ነበር፤ እዚያ ግን ዘር ሳይዙ ተመናመኑ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሰንቀሌ ላይ የሆነውን ያጫወተን ጥበቃው ነው። ቀደም ሲል በሺዎች ይቆጠር የነበረው ቆርኬ፣ ያ ግርግር ሲያልፍ በመቶዎች የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ። «ጋሼ፣ ያኔ እርስዎ ነበሩ?» አልነው። «ልጅ ነበርኩ» አለን። «ሥጋውን በልቻለሁ። አሁን ደሞዝ የምበላው እሱን ጠብቄ ነው።» ብሎ ሳቀ፤ እኛ ግን እንሳቅ ወይስ አንሳቅ ግራ ገባን። ያንን ንግግር ለመቅረጽ ስንጠይቀው እንቢ አለ። «ለናንተ ነገርኳችሁ እንጂ ለካሜራው አልነገርኩም» አለ። መብቱ ነው፤ ስሙንም መልኩንም እዚህ ያላነሣነው ለዚህ ነው።

ጠቡ የተነሣው በሁለተኛው ቀን ጧት ነው። አንድ ወንድ ቆርኬ ኩይሳ ላይ ቆሟል፤ ፀሐይዋ ከኋላው ናት፤ ጠዝ ያለ ጉም አለ፤ አንድ ሰው በዕድሜው አንዴ የሚያገኘው ዓይነት ምስል ነው። ካሜራው መቅረጽ እንደ ጀመረ በቀኝ በኩል ከብቶች ገቡ። ሠላሳ ያህል ይሆናሉ። ቆርኬው አልሸሸም፤ ከብቶቹም አላዩትም፤ ጎን ለጎን ሣሩን ያዙ። የቲያትሯ ልጅ ካሜራውን ወደ ግራ ገፋ አድርጋ ከብቶቹን አስወጣቻቸው። የጂኦግራፊው ልጅ «መልሺያቸው እንጂ!» አለ።

«ከብት ለማሳየት አይደለም ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የመጣነው!»

«ከብቱ እኮ ነው ነገሩ። ይህ ቦታ የታጠረው በምን ሆነና? ከብቱን ካወጣሽው የምታሳይን ባዶ ሜዳ ላይ የቆመ ሚዳቋ ነገር ነው።»

«ቆርኬ ነው፣ ሚዳቋ አይደለም» አለ የባዮሎጂው ልጅ፤ የሱ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ከብቶቹን የሚነዱት አንድ አዛውንት ነበሩ። ጥበቃው ሲያያቸው ፊቱን አዞረ፤ እሳቸውም ጥበቃውን ሲያዩ በትራቸውን ወደ ታች አደረጉ። ሁለቱም የሚተዋወቁ መሆናቸውን ለማወቅ ብዙ ብልሃት አይጠይቅም። የጂኦግራፊው ልጅ ኦሮምኛ ይናገራል፤ «ኦቦ» ብሎ ሰላምታ ሰጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። ከብቶቹ ለምን እዚህ እንደገቡ ጠየቃቸው። መልሳቸውን እንደ ተረጎመልን እንጽፈዋለን፦ «ውጪ ሣር አለ ወይ? ዞር ብለህ እየው። አባቴ እዚህ ነው ያሰማራው፤ ያኔ ቆርኬውም ነበር ከብቱም ነበር። አሁን እርሻው ሁሉን በላው፤ የቀረው ይህቺ ናት። ቆርኬውም እዚህ ገባ፣ እኔም እዚህ ገባሁ። ሁለታችንም የምንሄድበት የለንም።» ትንሽ ቆዩና ደግሞ «ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች ይመጣሉ። ላሞችህን አውጣልን ይሉኛል። ሌላ ነገር ሲጠይቁኝ ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

መቼም ነገሩ ቀላል አይደለም። ከብት በበዛ ቁጥር ሣሩ ያልቃል፤ ሣር በል እንስሳ ከሣር ሌላ የሚበላው የለም፤ ከቤት እንስሳ ወደ ዱር የሚተላለፍ በሽታ ምን እንዳደረገ ከላይ ጽፈናል። የባዮሎጂው ልጅ ይህን ሁሉ ዘረዘረ፤ አንዱም ስሕተት የለበትም። አዛውንቱም የተናገሩት አንዱም ስሕተት የለበትም። እንግዲህ ፊልም ሠሪው ምን ያድርግ? የቲያትሯ ልጅ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና ካሜራውን ወደ ቦታው መለሰችው። ያን ጊዜ ቆርኬው ከኩይሳው ወርዶ ነበር።

ከሰንቀሌ በኋላ በታኅሣሥ ጓሳ ወጣን፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ። በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ ነው። ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ውኃ ያረጋል፤ የካሜራ ባትሪያችሁን እንደ ሕፃን ብብታችሁ ውስጥ አሳድሩት፣ አለዚያ ጧት ሞቶ ታገኙታላችሁ። ጓሳን ያወቅነው ስለ ሰንቀሌ ስንከራከር ነው። የጂኦግራፊው ልጅ «ሰውና አውሬ አብሮ የኖረበት ቦታ ላሳያችሁ» ብሎ ነው ያስነሣን።

ጓሳ የሣር ስም ነው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለብዙ ነገር ይሆናል። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል፤ ሜዳው ይዘጋል፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማጭድ አይገባበትም፣ ከብት አይሰማራበትም። ሣሩ ደረሰ ሲባል በአዋጅ ይከፈታል፤ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። ደንብ የጣሰ ቅጣቱ ብርቱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሰዉ ግን ጥበቃውን በሌላ ስምና በሌላ ደንብ አስቀጠለው። እንግዲህ ቀይ ቀበሮው እዚያ የተረፈው ሰው ስለሌለ ሳይሆን ሰው ስላለ ነው። በዓለም ላይ ያለው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ ከ500 እንደሚያንስ ስታስቡት ነገሩ ይገባችኋል።

ለፎቶ አንሺ የሚሆን አንድ ምሥጢር እንስጥ፤ ይህንንም ያገኘነው ከዚያው ከአቧራው መደርደሪያ ነው። ቀይ ቀበሮን አትፈልጉ፤ ጭላዳን ፈልጉ። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ በመቶዎች ሆኖ ቁጭ ብሎ በእጁ ሣር እየነጨ ይውላል። ቀበሮው ደግሞ በመንጋው መካከል አንገቱን ደፍቶ ሲመላለስ ታያላችሁ፤ ግልገሎቻቸውን አይነካም፣ እነሱም አይሸሹትም። የሚፈልገው አይጥ ነው። እዚያው ጓሳ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25ቱ ሲሳካለት፣ ከጭላዳ ጋር ሲሆን 67ቱ ይሳካለታል። እኛም ጭላዳው መሐል ተቀምጠን ሦስት ሰዓት ጠበቅን። መጣ። ቀይ፣ እግረ ረጅም፣ ደረቱ ነጭ። ከኛ ሃያ እርምጃ ላይ ዘለለና አንድ አይጥ ይዞ ወደ ላይ ቀና አለ። የካሜራው ድምፅ እንዳያስደነግጠው ትንፋሻችንን ይዘን ነበር፤ አንዳችን ጉንፋን ይዞት ስለነበረ ፊልሙ ላይ የሚሰማው የንፍጥ ድምፅ የሱ ነው።

በማግስቱ ጥበቃው ወደ አንድ ቋጥኝ ጠቆመንና «ከዚያ ወዲያ አትለፉ» አለን። ግልገል አለ ማለት ነው፤ ወራቱ ነው። «አባባ፣ ከሩቅ ሆነን?» ብለን ለመንን። «ልጆቼ፣ እናንተ ትሄዳላችሁ። እሷ ሰው ጉድጓዷን እንዳወቀባት ካየች በዚህ ውርጭ ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ትሰደዳለች» አሉን። የዛሬ ካሜራና ስልክ ምስሉ የተነሣበትን ቦታ ከነቁጥሩ አብሮ እንደሚመዘግብ አስታወስን። አንዱ ያሳያል፣ ሌላው ይከተላል፣ ከዚያ መኪና ሙሉ ሰው ይመጣል። ስለዚህ ጉድጓዱን አላየንም። ፊልማችን ውስጥ የቀይ ቀበሮ ግልገል የለም። የምናሳያችሁ ቋጥኙን ነው።

ወደ ጓሳ ተመልሰን የቀረውን ልናነሣ አስበን ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ጦርነት ተነሣና ሐሳባችን ቀረ። የነዚያን ሽማግሌ ስልክ አንዳንዴ እንሞክራለን። አንድ ጊዜ ገባልን፤ «እኛም አለን፣ ቀበሮውም አለ» አሉና መስመሩ ተቋረጠ። ፊልሙ ያላለቀበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላም ዞረናል፤ በዝርዝር አናሰለቻችሁም። መናገሻ ሱባ ጫካ ለአዲስ አበባ ተማሪ የምትመች ናት፤ ጧት ሄዶ ማታ ይመለሷል። ጽዱ የተተከለው ገና በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው ይባላል፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ አለ፤ ግን ጫካው ጨለማ ስለሆነ ፈጣን ሌንስ የሌለው ሰው የሚያነሣው ጥላ ነው። አብጃታ ሻላ በሩ ላይ ሰጎን አለ፤ ሐይቁ ግን ከዓመት ዓመት ሲሸሽ አይቶ ማዘን ነው። ሐረር ጅብ የሚያበሉትን አነሣን፤ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ያልታወቀ ቦታ ነው ብንላችሁ ትስቁብናላችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት መቁረጫ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። የሰንቀሌው ምስል ሁለት ነው፤ ከብቱ ሳይገባ ያለው አሥራ አንድ ሰከንድና ከብቱ ከገባ በኋላ ያለው አርባ ሰከንድ። አሥራ አንዱ ያምራል። አርባው ውስጥ ቆርኬው ከኩይሳ ወርዶ፣ ከአንዲት ቡሬ ላም ጎን ሆኖ ሣር ይግጣል፤ ከኋላ የቆርቆሮ ጣራ ያበራል፤ ጥግ ላይ የሽማግሌው በትር ይታያል። ለወዳጆቻችን ሁለቱንም በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አሳየናቸው። አሥራ ሁለት ሰው ነበር። ዘጠኙ አሥራ አንዱን ሰከንድ መረጡ። ከሰንቀሌ አካባቢ የመጣ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብቻ «ያኛውን ድገሙልኝ» አለ። ደገምንለት። «የኛ ሰፈር ነው» አለና ወደ ግድግዳው ቀርቦ የቆርቆሮ ጣራዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። የቲያትሯ ልጅ ከዚያ ማታ ጀምሮ አርባውን ሙሉውን እናስገባ ባይ ናት፤ የጂኦግራፊው ልጅ አሁን ተገልብጦ «በዛ፣ ሃያ ይበቃል» ይላል። የባዮሎጂው ልጅ ላሚቱ የየትኛው ዝርያ እንደሆነች እያጣራ ነው።

የቀረን ባቢሌ ነው። የዝሆን መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1970 የተከለለ፣ ወደ 7 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከሐረር ወዲያ የኤረርንና የጎበሌን ሸለቆ የያዘ ሰፊ ቆላ ነው። ዝሆን ያህል ነገር ቁጥቋጦና ቁልቋል ውስጥ ገብቶ ይጠፋል ይላሉ፤ ቀናት ዞረው ፋንድያ ብቻ አይተው የተመለሱ አሉ። ሰላሙን አጣርተን፣ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና እንዳለቀ ለመውጣት አስበናል። ደብዳቤው ተጽፏል፤ «ለፎቶግራፍና ለቪዲዮ» ይላል። ከሐረርና ከባቢሌ የመጣችሁ፣ መንገዱን የምታውቁ፣ ሶማልኛ የምትናገሩ ብትኖሩ ማታ ማታ ከእራት በኋላ ካፍቴሪያው በስተ ግራ ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙናላችሁ። ማቆሚያውን የሚሸከም ሰውም እንፈልጋለን፤ ያጉረመርም የነበረው ጎኑን አመመኝ ብሏል።